ኑሮን ማን አስወደደው? «ፖለቲካ ሳታነሱ ተወያዩ» ላለን ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕዝባዊ ውይይት መድረክ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በኢኮኖሚ ችግር ላይ የሚደረግ ውይይት ፖለቲካን እንዳያነሳ የወጣው መመሪያ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና አወያዮች፣

መመሪያችሁ ደርሶናል። ቃሉ አጭር ነው፦ «ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ገቢ ማነስ መወያየት ይቻላል፤ ፖለቲካ ማንሳት ግን አይቻልም።» እኛ ለመድረኩ መነሻ ጽሑፍ የምናዘጋጅ፣ ዋጋ የምንሰበስብና ሒሳቡን የምንሠራ ሰዎች ነን። መመሪያው ከወጣ ወዲህ ጽሑፎቻችን ተቆራርጠዋል፣ ውይይቶች መሃል ላይ እንዲቆሙ ተደርገዋል፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈሩ ዓረፍተ ነገሮችም እኛ ሳናውቅ ተለውጠዋል። መመሪያው የት የት ላይ እንደሚሰናከል ከዚህ በታች እናሳያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የምንስማማበትን እንናገር። የፓርቲ ጠብ ውይይት ይገድላል። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ይጀምራል፤ ሁለተኛው «በእናንተ ጊዜስ?» ይላል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን ማንነት ያነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ኪራዩን የሚያስታውስ የለም። ይህን ለማስቆም መመሪያ ማውጣታችሁን አንቃወምም። የምንቃወመው «ፖለቲካ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ አብሮ መከልከሉን ነው። አንዱ የሥልጣን ፉክክር ነው፤ ማን ይግዛ፣ ማን ይውረድ የሚለው። ሌላው ግብር፣ በጀት፣ ወለድ፣ ምንዛሪና ድጎማ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያውን ከበር ውጭ ትቶ ስለ ኑሮ መነጋገር ይቻላል። ሁለተኛውን ትቶ ግን የሚቀረው እርስ በርስ መጽናናት ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ መነሻ ጽሑፍ አያስፈልግም።

አማርኛችን ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ክልከላ ይመቻል። ኑሮ ተወደደ፣ ዋጋ ናረ፣ ገንዘብ ረከሰ፣ ዕቃ ጠፋ እንላለን። በእነዚህ ግሦች ውስጥ አድራጊ የለም። ዋጋው በገዛ እግሩ ተነስቶ የወጣ፣ ዕቃውም መንገድ ስቶ የቀረ ይመስላል። ለዕለት ጨዋታ ምንም አይደል። በቃለ ጉባኤያችን ላይ የተደረገው እርማት ግን በሙሉ ወደዚህ ዓይነት ግሥ የሚጎትት ነው። «ከግብር ነጻ የሆነው የገቢ መጠን ዋጋ ሲጨምር አብሮ አልተነሳም» ያልነው «ግብር ከብዷል» ተብሎ ተጻፈ። «ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት የሰጠው ቀጥተኛ ብድር» ያልነው «በገበያው የገንዘብ መብዛት ታይቷል» ሆነ። «ድጎማው በመነሳቱ» ያልነው «በተደረገው የዋጋ ማስተካከያ ምክንያት» ተባለ። የታረሙት ዓረፍተ ነገሮች ሐሰት አይደሉም። ችግራቸው ይህን ያደረገው የትኛው ክፍል ነው፣ በምን ቀን ነው፣ ቢቀየርስ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ አለመቻሉ ነው።

አንደኛ፣ ግብርን እንውሰድ፤ ለመቁጠር ቀላሉ እሱ ነውና። የወር ገቢ የመጀመሪያው 1,000 ከግብር ነጻ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው 20 በመቶ ይከፈልበታል እንበል። 1,500 የሚያገኝ ሠራተኛ 100 ግብር ከፍሎ 1,400 ይዞ ይገባል። ዋጋ በ30 በመቶ ጨመረ፤ አሠሪውም ደግ ሆኖ ደሞዙን በዚያው 30 በመቶ አሳደገለት። አሁን 1,950 ያገኛል። ግብሩ 190 ይሆናል፣ እጁ ላይ 1,760 ይቀራል። ቀድሞ በ1,400 ይገዛ የነበረውን ለመግዛት ግን 1,820 ያስፈልገዋል። 60 ጎደለው። ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር ከእሱ የሚሰበሰበው ግብር በ90 በመቶ ጨመረ። አዲስ አዋጅ አልወጣም፣ ማንም እጁን አላወጣም። ከግብር ነጻ የሆነው መጠን ከ1,000 ወደ 1,300 ከፍ ቢል ኖሮ ግብሩ 130፣ ቀሪው ልክ 1,820 ይሆን ነበር።

ይህ ስሌት በቀረበበት ስብሰባ አወያዩ «መጠኑን ከፍ የማድረግ ጉዳይ የመንግሥት ፖሊሲ ስለሆነ እንለፈው» ብለው አቁመውታል። ካለፍነው በኋላ የቀረን «ሠራተኛው ተቸግሯል» የሚለው ብቻ ነበር። በብሪታኒያ ፓርላማው በ1977 ነጻው የገቢ መጠን በየዓመቱ ከዋጋ ጋር እንዲነሳ የሚያደርግ ድንጋጌ አወጣ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በ12,570 ፓውንድ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። አሜሪካ የግብር እርከኖችን ከ1985 ጀምሮ ከዋጋ መለኪያ ጋር አሰረች። ማንሳቱም ማቆሙም ውሳኔ ነው። ባለበት መተውም ውሳኔ ነው፤ ለገንዘብ ሚኒስቴሮች የሚጣፍጠውም እሱ ነው፣ ማስታወቂያ አይጠይቅምና።

ሁለተኛ፣ መመሪያው ሁሉንም አድራጊ አልከለከለም። አንዱን ፈቅዷል፤ ነጋዴውን። «ስግብግብ ነጋዴ ዋጋ ቆለለብን» የሚል ተናጋሪ በመድረካችሁ አንድ ጊዜም ተቋርጦ አያውቅም። ባለሥልጣን ስሙ እንዳይነሳ ሲከለከል ንዴቱ የሚያርፍበት ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ከነጋዴው ቀጥሎም ከሌላ ቦታ የመጣው ጎረቤት ተራው ይደርሳል። ፖለቲካን እናስወጣ ያለ መመሪያ ከሁሉ የከፋውን ፖለቲካ በጓሮ በር አስገባ ማለት ነው።

ነጋዴን ነጻ ለማውጣት አይደለም ይህን የምንለው። ነጋዴ ዛሬ ስግብግብ ከሆነ ባለፈው ዓመትም ስግብግብ ነበር። የማይለዋወጥ ነገር የዋጋን ለውጥ አያስረዳም። ዕቃ ደብቆ ማቆየት የሚያዋጣው ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ ዋጋው ከመጋዘን ኪራይ፣ ከብልሽትና ከብድር ወለድ በላይ ይጨምራል ተብሎ ሲጠበቅ ነው። በዓመት 20 በመቶ ወለድ የሚከፍል ነጋዴ ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ብቻ ይጨምራል ብሎ ካሰበ ዕቃ በመደበቁ ይከስራል፤ 40 በመቶ ይጨምራል ብሎ ካሰበ ይደብቃል። እንግዲህ ጥያቄው 40 በመቶ እንዲጠብቅ ያደረገው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ መልሱም ምንዛሪው፣ የገንዘቡ ብዛትና በጀቱ ጋር ይወስደናል። በዚምባብዌ በሰኔ 2007 መንግሥት ነጋዴዎች ዋጋ በግማሽ እንዲቀንሱ አዘዘ፣ እምቢ ያሉትን አሰረ። በጥቂት ሳምንታት መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ። ገንዘብ የሚያትመው ማተሚያ ግን አልቆመም ነበርና በጥር 2009 የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት ወጣ።

ያው ሒሳብ በእኛ በኩል ላሉትም ይሠራል። ከተሳታፊዎች ብዙዎች ማንኛውንም ጭማሪ «ሌብነት ነው» ብለው ይዘጉታል። ሌብነት አገር ያደኸያል፤ በዚህ ወር ዋጋው ለምን እንደዘለለ ግን አያስረዳም፣ ሌብነቱ በዚህ ወር ካልዘለለ በቀር። ይህን የሚል ተናጋሪ ቁጥርና ቀን እንዲያመጣ ብትጠይቁት ደስ ይለናል።

ሦስተኛ፣ አወያዮቻችሁ «በይፋ ከወጣው የግሽበት ቁጥር ተነሱ፤ ቁጥር ፖለቲካ የለውም» ብለውናል። ከቁጥሩ እንነሳለን። ቁጥሩ ግን በውሳኔ የተሠራ ነው። የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ሲሠራ በመጀመሪያ በቤተሰብ ወጪ ጥናት ሰው ገንዘቡን በምን በምን ላይ እንደሚያወጣ ይጠየቃል፤ በዚያ መሠረት ለእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት ክብደት ይሰጠዋል። ዋጋ ሰብሳቢዎች በየወሩ የዚያኑ ዕቃ ዋጋ ከዚያው መደብር ይመዘግባሉ። የእያንዳንዱ ጭማሪ በክብደቱ ተባዝቶ ይደመራል። በየደረጃው ስህተት ይገባል። የወጪ ጥናቱ ካረጀ ክብደቱ ሰው ዛሬ የማይኖረውን ኑሮ ይመዝናል። እሽጉ ከ500 ግራም ወደ 450 ግራም ወርዶ ዋጋው ካልተነካ፣ መጠኑን ያላየ ሰብሳቢ «ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ የግራሙ ዋጋ ግን በ11 በመቶ ጨምሯል። ዋጋው በመንግሥት የተተመነ ዕቃ ከመደርደሪያ ሲጠፋ ሰብሳቢው ተመኑን ከጻፈ የማይገኝ ዕቃ ዋጋ ጻፈ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የአማካዩን አሠራር ነው። ሁለት ቤቶች እንውሰድ። አንዱ በወር 1,000 ያወጣል፤ 600ው ለምግብ ነው። ሌላው 10,000 ያወጣል፤ ለምግብ የሚሄደው 3,000 ነው። ምግብ በ40 በመቶ፣ ሌላው ሁሉ በ10 በመቶ ጨመረ እንበል። የመጀመሪያው ቤት ኑሮ በ28 በመቶ፣ የሁለተኛው በ19 በመቶ ተወደደ። የሁለቱን ወጪ ደምረን በተለመደው መንገድ ስናሰላ መለኪያው 19.8 ይላል። ብዙ የሚያወጣ ብዙ ይመዝናል። ድኻው «ይህ ቁጥር ውሸት ነው» ብሎ ሲቆጣ አወያዩ «ቁጥሩን አክብሩ» ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የእሱ ግን አይደለም። የየገቢ ደረጃው መለኪያ ለየብቻ ይውጣ ማለት ፖለቲካ ነው? ነው ካላችሁ፣ አንድ ብቻ ይውጣ ማለትም ነው።

መለኪያው ላይ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚንቀሳቀስ ከሌሎች አገሮች ማየት ይቻላል። በአሜሪካ በኢኮኖሚስቱ ማይክል ቦስኪን የተመራ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1996 የዋጋ መለኪያው ግሽበትን በዓመት በ1.1 መቶኛ ነጥብ አጋኖ ያሳያል የሚል ሪፖርት አቀረበ። የጡረታ ክፍያ ከመለኪያው ጋር የታሰረ ነው። 1.1 ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ ከጡረታው ጭማሪ ላይ ሲቀነስ ግን በ20 ዓመት ክፍያውን ሊሆን ከሚችለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ኮሚሽኑ የተናገረው ስለ ስሌት ዘዴ ነበር፤ የሰሙት ጡረተኞች ግን ስለ ኪሳቸው መሆኑን አላጡትም። ብሪታኒያ በ2011 ለማኅበራዊ ድጋፍ ክፍያና ለመንግሥት ጡረተኞች ጭማሪ የምትጠቀምበትን መለኪያ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር በሚሰጠው ሌላ መለኪያ ቀየረች።

በአርጀንቲና የሆነው የባሰ ነው። በ2007 የዋጋ መለኪያውን ሥራ ይመሩ የነበሩት ባለሙያ ከቦታቸው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ይፋዊው ግሽበት የግል ተቋማት ከሚያሰሉት በጣም እያነሰ ሄደ። መንግሥት ካወጣቸው ቦንዶች ከፊሎቹ ከግሽበት ጋር የታሰሩ ስለነበሩ ቁጥሩ ሲያንስ የሚከፈለው ዕዳም ያንሳል። በ2011 የራሳቸውን ግምት ያወጡ የግል ኢኮኖሚስቶች ገንዘብ ተቀጡ። በየካቲት 2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በመረጃው ጉድለት አገሪቱን በይፋ ነቀፈ፤ ነቀፋው የተነሳው በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት በቦነስ አይረስ «ፖለቲካ ሳታነሱ ስለ ግሽበት ተወያዩ» ቢባል በየትኛው ቁጥር ይወያዩ ነበር?

በግሪክ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። የ2009 የበጀት ጉድለት መጀመሪያ ከተነገረው ተነስቶ በተደጋጋሚ ሲታረም በኅዳር 2010 ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 15.4 በመቶ ላይ ደረሰ። የመጨረሻውን እርማት ያወጣውን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የመሩት አንድሬያስ ጆርጂዩ ቁጥሩን የአውሮፓ ኅብረት ስታቲስቲክስ ቢሮ ቢቀበላቸውም በገዛ አገራቸው ጉድለቱን አጋነዋል ተብለው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ።

አራተኛ፣ ስለ ወለድ። «የማዕከላዊ ባንክ ሥራ ቴክኒካዊ ነው፤ ለባለሙያ እንተወው» ተብለናል፤ የተባልነው እኛ ባለሙያዎቹ መሆናችን ትንሽ ያስቃል። ወለድ ሲጨምር ብድር ይወደዳል፤ ቤት የሚሠራ፣ ማሽን የሚያስገባ፣ ሰው የሚቀጥር ይቀንሳል፤ ወጪ ይቀዘቅዛል፣ ዋጋም ቆይቶ ይረጋጋል። «ቆይቶ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ነው። በአሜሪካ ፖል ቮልከር የሚመሩት ማዕከላዊ ባንክ በጥቅምት 1979 ገንዘብ ማጥበቅ ጀመረ፤ ባንኮች ለአንድ ሌሊት እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ 20 በመቶ ገደማ ደረሰ። በመጋቢት 1980 14.8 በመቶ የነበረው ግሽበት በ1983 ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። በመሃሉ ግን ሥራ አጥነት በ1982 መጨረሻ 10.8 በመቶ ደርሷል። ቤት ሠሪዎች ለተቃውሞ ጣውላ እየቆረጡ ለባንኩ በፖስታ ላኩ፤ ዕዳ የከበዳቸው ገበሬዎች ትራክተራቸውን እየነዱ ዋሽንግተን ድረስ መጡ። በተለዋዋጭ ወለድ የተበደሩ አገሮችም ተመቱ፤ ሜክሲኮ በነሐሴ 1982 ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል አስታወቀች።

ውሳኔው ትክክል ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ከእኛም መካከል አሉ። ትክክል መሆኑ ግን ወጪው በማን ላይ እንደወደቀ መጠየቅን አይከለክልም። ሥራውን ያጣው ግንበኛ ከፍሏል፤ ገንዘቡን በቁጠባ ያስቀመጠው ተጠቅሟል። ባንኩ ከመንግሥት ነጻ ነው የሚለውም ጥያቄውን አይዘጋውም፤ ነጻነቱ ራሱ በሕግ የሚሰጥ ነው። ኒው ዚላንድ በ1989 በሕግ ሰጠች። ብሪታኒያ በ1997 ለእንግሊዝ ባንክ ወለዱን የመወሰን ሥልጣን ስትሰጥ የግሽበቱን ግብ የመወሰኑን ሥልጣን በመንግሥት እጅ አስቀርታለች።

አምስተኛ፣ «ችግሩ ከውጭ የመጣ ስለሆነ ማንንም አንጠይቅ» የሚለው የአወያዮች ማሳረጊያ። ከውጭ የሚመጣ ችግር አለ፤ ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ። ሁሉን ነገር ለመንግሥት የሚያሸክም ተናጋሪ እዚህ ላይ መታረም አለበት። ነገር ግን ከውጭ የመጣውንና ከውስጥ የተጨመረውን መለየት ይቻላል፤ ዘዴውም ያው ዱላ ያረፈባቸውን አገሮች ጎን ለጎን ማየት ነው። ከ1973 መጨረሻ እስከ 1974 መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። በምዕራብ ጀርመን ግሽበቱ በ1974 7 በመቶ ገደማ ላይ ቆመ፤ በጃፓን በዚያው ዓመት 23 በመቶ ገደማ፣ በብሪታኒያ በ1975 24 በመቶ ገደማ ደረሰ። ነዳጁ አንድ ነው፤ የደሞዝ ስምምነቱ፣ የበጀቱና የማዕከላዊ ባንኩ አቋም ግን ይለያያል። በ1979 ሁለተኛው የነዳጅ ንረት ሲመጣ ጃፓን ቀድማ ገንዘብ አጠበቀች፤ በ1980 ግሽበቷ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አንድ አገር በስድስት ዓመት ውስጥ ከራሷ ጋር የምትወዳደርበት ምሳሌ ነውና ከሁሉ ይህን እንወደዋለን።

ረሃብ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በሕንድ የ1943ን የቤንጋል ረሃብ ሲያጠና በዚያ ዓመት የነበረው የሩዝ አቅርቦት ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ያነሰ አለመሆኑን አሳየ፤ በጦርነት ወጪ የናረው ዋጋ የቀን ሠራተኛውን ደሞዝ ጥሎት ሄዶ ነበር። የ1973ን የወሎ ረሃብም መርምሯል፤ እዚያም እህል ከረሃቡ አካባቢ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። መግዛት የሚችል ከሌለ እህል ገዢ ወዳለበት ይሄዳልና።

ስድስተኛ፣ መመሪያው በሁለት ሚዛን ይሠራል። «ድጎማው ሕዝቡን ታደገ» ያለ ተናጋሪ ተጨብጭቦለታል። «ድጎማው ለማን ደረሰ?» ያለው «ፖለቲካ ነው» ተብሎ ተቋርጧል። የነዳጅ ድጎማን እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ በሊትር የሚሰጥ ድጎማ ብዙ ሊትር ለሚገዛ ብዙ ይሰጣል፤ መኪና ያለው ከታክሲ ተሳፋሪው በላይ ይደጎማል። ይህ የማካፈል ስሌት እንጂ ተቃውሞ አይደለም። ማመስገን ኢኮኖሚ፣ መጠየቅ ፖለቲካ ከሆነ መመሪያው ያለው ዓላማ ሌላ ነው፤ እሱንም በግልጽ ጻፉልን።

ታዲያ ጠብ ሳይነሳ እንዴት እንወያይ ለምትሉን፣ እኛ የምንጠቀምበትን አሠራር እነሆ። ቁጥር ያነሳ ሰው ሦስት ነገር አብሮ ይናገር፦ የምን ዋጋ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በማን መለኪያ። በወር 2 በመቶ በዓመት 26.8 በመቶ እንደሚሆን፣ ግሽበት ከ30 ወደ 15 ወረደ ማለትም 100 የነበረው ዋጋ መጀመሪያ 130፣ ቀጥሎ 149.5 ሆነ ማለት እንጂ ዋጋ ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ አወያዩ መጀመሪያ ላይ ቢናገር ግማሹ ጭቅጭቅ አይነሳም። ምንዛሪ ላይም እንዲሁ ነው። የአንድ የውጭ ገንዘብ ዋጋ ከ50 ወደ 100 ሲወጣ አንዱ «የእኛ ገንዘብ 50 በመቶ ወደቀ»፣ ሌላው «የውጭው 100 በመቶ ጨመረ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኛ ግን በዚህ ሲሰዳደቡ አይተናል።

ቀጥሎ ውሳኔው ይጠቀስ፤ መሥሪያ ቤቱ፣ ቀኑና መሣሪያው፤ ወለድ ነው፣ ታሪፍ ነው፣ ድጎማ ነው፣ ሕትመት ነው? ሰው ሳይሆን መሥሪያ ቤት ይጠራ። ከዚያ ውሳኔው ዋጋ ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ይቆጠር። የጉምሩክ ታሪፍ ወዲያው ይታያል፤ ምንዛሪ በሳምንታትና በወራት፤ ወለድ ከዓመት በላይ። ይህ ለጽሕፈት ቤታችሁ ሥጋት ራሱን የቻለ መድኃኒት ነው፤ ጊዜውን በትክክል የቆጠረ ሰው የዛሬው ችግር ዛሬ ወንበር ላይ ያሉት የወሰኑት ላይሆን እንደሚችል፣ የዛሬው ውሳኔም የሚፈተነው ነገ መሆኑን ያያል። መፍትሔ ያቀረበም ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገር፦ ከግብር፣ ከብድር፣ ከሌላ በጀት ተቀንሶ ወይስ ታትሞ። አምስተኛ ምንጭ ካለው፣ እርዳታን ጨምሮ፣ ስሙን ይጥራ።

ለማጣሪያ ደግሞ አንድ ፈተና አለን። የተነገረውን ዓረፍተ ነገር የገዢውን ስም በተቃዋሚው፣ የዛሬውን በትናንቱ ቀይራችሁ አንብቡት። ተናጋሪው አሁንም ያንኑ የሚል ከሆነ የኢኮኖሚ ንግግር ነው። ስሙ ሲቀየር ፍርዱም ከተቀየረ የፓርቲ ንግግር ነውና አቁሙት። እኛንም ጭምር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

1. «ፖለቲካ ማንሳት አይቻልም» የሚለው ሐረግ ወጥቶ በምትኩ «ለፓርቲ መቀስቀስ፣ ሰውን በማንነቱ መዝለፍና ግለሰብን መሳደብ አይቻልም፤ የመንግሥት ውሳኔዎችን በቀን፣ በመሥሪያ ቤትና በቁጥር ጠቅሶ መመርመር ይቻላል» የሚል ይግባ።

2. የተለወጡት ቃለ ጉባኤዎች ወደ ተነገሩበት ቃል ይመለሱ። ወደፊትም እርማት ከተደረገ ተናጋሪው አይቶ ይፈርምበት።

3. አወያይ ንግግር ሲያቋርጥ ያቋረጠበትን ዓረፍተ ነገርና ምክንያቱን በጽሑፍ ያስመዝግብ። ምስጋናውም ወቀሳውም በአንድ ሚዛን መለካቱ የሚታየው በዚህ ብቻ ነው።

4. የግብር፣ የወለድና የመለኪያ ጉዳይ በሚነሳበት ዕለት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ይጋበዝ፤ የእኛ ስሌት ስህተት ካለበት እዚያው ያርመን። የተቆረጡትን ሦስት መነሻ ጽሑፎችም በዚሁ አሠራር እንደገና ለማቅረብ ተራ ይያዝልን።

5. መልሳችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊትም ይድረሰን። ካልደረሰን ለዚያ ስብሰባ መነሻ ጽሑፍ አናቀርብም። አድራጊ በሌላቸው ግሦች ብቻ የሚጻፍ ጽሑፍ ማንም ሊያዘጋጅላችሁ ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር፣

የመድረኩ መነሻ ጽሑፍ አዘጋጆች፣ ዋጋ ሰብሳቢዎችና የሒሳብ ባለሙያዎች